ከርክክብ በኋላ የቀረ ፍርሃት

በቦንጋ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የዚያ መሥሪያ ቤት ክብ ማህተም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከወይዘሮ አሰለፈች እጅ ሳይወጣ ኖረ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ክፍለ ሀገር የነበረው ዞን ተባለ፤ በማህተሙ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ራሱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ሳይቀየሩ የቀሩት ጠባቂው ብቻ ነበሩ።

ደብዳቤ ይጻፋል፤ አለቃ ይፈርምበታል፤ ከዚያ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ጠረጴዛ ይመጣል። እሳቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ፊርማውን አስተያይተው፣ ቁጥርና ቀን ሰጥተው፣ በወጪ መዝገብ ላይ ካሰፈሩ በኋላ ማህተሙን ከብረት ሣጥኑ ያወጡታል። አንድ ጊዜ ሃ ብለው ይተነፍሱበትና ከፊርማው ጥግ በእርጋታ ያሳርፉታል። «ፊርማ የሰው ነው፤ ሰው ይሻራል፣ ይሞታል። ማህተም ግን የመንግሥት ነው» ይሉ ነበር። የሣጥኑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር በአንድ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይውላሉ፤ ያድራሉም። ለክርስትናቸውም ለሥራቸውም አንድ ክር በቃቸው።

ሥራው ጭንቅላት የሚያዞርበት ወር ነበረው። ሰኔ ሲገባ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ደብዳቤው እንደ ክረምት ጎርፍ ከየክፍሉ ይወርዳል። ያኔ የወይዘሮ አሰለፈች አንገት ይደርቃል፤ ልባቸው ይመታል፤ እህል አይዋጥላቸውም። ሰው ቀና ብሎ ቢያናግራቸው «ቆይ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም። ሐምሌ አንድ ቀን ሲጠባ ግን ያ ሁሉ ይለቃቸዋል። ቤታቸው ገብተው ጎመናቸውን በቆጮ በልተው፣ የዝናቡን ድምፅ እየሰሙ እንደ ሕፃን ይተኛሉ።

ቤታቸው ውስጥ ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምተው አልተመለሱም፤ ልጅ አልወለዱም። በዚህ ዓለም የቀረቻቸው ታናሽ እህታቸው ብርቄ ብቻ ነበረች። እሷም ኃይለመስቀል የሚባል ማር ነጋዴ አግብታ ከቦንጋ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ፣ ሺሺንዳ ላይ ትኖር ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች በዓል በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይወርዳሉ። ኃይለመስቀልም ከጫካ የወረደውን ነጭ ማር ከነሰፈፉ እያቀረበ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማህተም ሳይመታበት ልንበላ ነው?» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ኃይለመስቀል በጥር ወር 1993 ዓ.ም. ሞተ።

መርዶውን ያመጣው ከሚዛን የሚመጣ የመኪና ረዳት ነው። «ዛሬ ጧት ዐርፏል፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለ። በዚያ ሳምንት አለቃውም ምክትሉም ለስብሰባ ወደ አዋሳ ሄደው ነበር። ማህተም ደግሞ ያለ አለቃ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ርክክብ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ሰጪ ይፈርማል፣ ተቀባይ ይፈርማል፣ አለቃ ያጸድቃል።

«ቆልፈውት ይሂዱ እንጂ እትዬ! ማን ይነካዋል?» አለቻቸው በዛወርቅ፣ አብራቸው በመዝገብ ቤት የምትሠራው ወጣት።

«የሚነካውማ ማን ይነካዋል የተባለ ነገር ነው» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ቁልፉን ይዘው ቢሄዱ መሥሪያ ቤቱ ያለ ማህተም ሊውል ነው፤ ትተውት ቢሄዱ ደግሞ ያለ ርክክብ ሊተዉት ነው። ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንባቸውን እየዋጡ፣ ሦስት ቀን ከብረት ሣጥኑ ፊት ተቀመጡ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ማህተም የሚሻ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። በአራተኛው ቀን አለቃው፣ አቶ ሣህሌ፣ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። «ምነው ወይዘሮ አሰለፈች! የእህትዎን ባል አፈር ሳያለብሱ? ማህተሙ እግር የለው፤ የት ይሄድብኛል ብለው ነው?»

በዚያው ቀን ያ ረዳት የብርቄን መልእክት ይዞ መጣ። በቃሏ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ዐይኑን መሬት ተክሎ ነገራቸው። «ማህተሙ ያልቅስልኝ በላት። እሷ ደጄን እንዳትረግጥ።»

በዚያ አገር ሠርግ የቀረ ይኮረፋል፤ ለቅሶ የቀረ ግን ይቆረጣል። ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ሽማግሌ አልላኩም። ቀኑ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ዓመት። በዓል ሲመጣ ሺሺንዳ መውረድ ቀረ። ሰው ሲጠይቃቸው «ሥራ በዛ» ይሉ ነበር፤ የሚጠይቃቸውም ሰው ከዓመት ወደ ዓመት አነሰ።

ዕድሜያቸው ስድሳ ሲሞላ፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ጡረታ ወጡ። ማህተሙን ለበዛወርቅ በሦስት ቅጂ ርክክብ አስረከቡ። ቁልፉን ከማተባቸው ክር ሲፈቱት ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው ነበር፤ በመጨረሻ በዛወርቅ በመቀስ ቆረጠችላቸው። አዲስ ክር፣ ቁልፍ የሌለበት፣ ያን ዕለት ገዝተው አሰሩ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ዳቦ ቆርሰው «እንግዲህ እፎይ ይበሉ» ብለው ሸኟቸው። እሳቸውም እፎይ ሊሉ ቤታቸው ገቡ።

እፎይታው ከሁለት ሳምንት አላለፈም። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምስር እየለቀሙ ሳለ እጃቸው ሳያዙት ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፉ የለም። ልባቸው ከቦታው ዘለለ፤ ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ። ማስረከባቸውን አስታወሱ፤ ልባቸው ግን ማስታወሻ አልተቀበለም። ጃንጥላ ይዘው ዳገቱን ወጡ።

«በዛወርቅ፣ ማህተሙ አለ?»

«አለ እትዬ፣ የት ይሄዳል?» አለች እየሳቀች፤ አውጥታም አሳየቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡም ሳቀች። በአራተኛው ግን ብዕሯን አስቀመጠች። «እትዬ፣ በሦስት ቅጂ የፈረምነው እኮ ነው! አንዱ ቅጂ እርስዎ ጋ አይደል? ከዚህ ሁሉ ዳገት እሱን አያነቡም?»

ወይዘሮ አሰለፈች አፈሩ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን አልወጡም። ፍርሃቱ ግን በእፍረት የሚመለስ አልነበረም፤ መንገዱን ብቻ ቀየረ። ማህተሙን ተወና የቤቱን መዝጊያ ያዘ፤ ቆልፈው፣ ገፍተው፣ ተመልሰው ይገፉታል። መዝጊያውን ተወና የላምባ ምድጃውን ያዘ። ከመስከረም በኋላ፣ አገሩ ሁሉ አዲሱን ሚሌኒየም በባንዲራና በጭፈራ ሲቀበል፣ ምንም ነገር ሳይዝ ባዶ እጁን መምጣት ጀመረ። ተቀምጠው ሳሉ ደረታቸው ይጨመቃል፤ መዳፋቸው ያልባል፤ አንድ ክፉ ነገር ከበሩ ጀርባ የቆመ ይመስላቸዋል። ይከፍቱታል። በሩ ጀርባ የሚቆመው የቦንጋ ጉም ብቻ ነው።

ልብ ድካም ነው ብለው ደመደሙ። ለማንም አልተናገሩም፤ የሚነግሩትም ሰው አልነበራቸውም፤ ከሀፍሳ በቀር። ሀፍሳ ከፊት ለፊታቸው ሱቅ የከፈተች፣ ከባሏ ጋር ከስልጤ አገር የመጣች፣ ምላሷ እንደ ሚዛኗ የማያዳላ ሴት ናት። በታኅሣሥ መጨረሻ ኮረሪማ ልትገዛ ሺሺንዳ ገበያ ወርዳ ስትመለስ ቤታቸው ገባች።

«እትዬ አሰለፉ፣ እህትዎን አገኘኋት።»

ወይዘሮ አሰለፈች የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«የጥር ሁለተኛው ቅዳሜ የባሏ ሰባተኛ ዓመት ነው፤ ተዝካር ታወጣለች። ‹ጡረታ ወጣች ሲሉ ሰማሁ፤ እንግዲህ ምክንያት የላትም› አለች። ይኸው ነው።»

«ትምጣ አለች?»

«ትምጣም አላለች፣ አትምጣም አላለች። ወላሂ፣ እኔ የሰማሁትን ነው። ግን የሰባት ዓመት ኩርፊያ በር ሲከፍት ከዚህ የበለጠ አይከፍትም።»

ወይዘሮ አሰለፈችም ገባቸው። ከሰባተኛው ዓመት በኋላ ለሙታን የሚወጣ ተዝካር የለም። ይህ ቅዳሜ ካለፈ ብርቄ ሌላ ቀን አትቀጥርም፤ እሳቸውም ሌላ እህት አይወለድላቸውም።

ቀኑ ሳይደርስ መንገዱን ሊለምዱት አስበው አንድ ጧት መናኸሪያ ሄዱ። ሺሺንዳ በሚያልፈው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። መኪናው ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ያ የማይታይ ነገር መጣ። ትንፋሽ አጠራቸው፤ የሚሞቱ መሰላቸው፤ የሰው ጉልበት እየረገጡ ወረዱ።

«እማማ! ወንበሩን አሙቀውልን ወረዱ?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ሀፍሳ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ሲመለሱ አየቻቸው። «ወላሂ መኪናው ሳይነሳ ደርሰው ተመለሱ እንዴ?» ልትል ጀምራ ፊታቸውን ስታይ ቃሏን ዋጠችው። መጋረጃውን ዘግታ መጣችና ሁሉንም አስነገረቻቸው። «ልብ ከሆነ ይታይ፤ ካልሆነም ይታይ» አለችና በነጋታው በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም ወሰደቻቸው።

የተቀበላቸው ዮሴፍ የሚባል፣ ጅማ ሄዶ የአእምሮ ሕክምና የተማረ ነርስ ነው። የካፋ ልጅ ነው፤ በካፊኖኖ ያሰበውን ወደ አማርኛ ሲያሻግር ትንሽ ፋታ ይወስዳል። ወይዘሮ አሰለፈች ያን ፋታ ወደዱት፤ ደብዳቤ ከማህተሙ በፊት የሚጠብቀውን ያህል ነው። የሆነባቸውን ሁሉ ከአፋቸው ሰማ፤ ደም ግፊታቸውን ለካ፤ ልባቸውን አዳመጠ፤ እዚያው ቀድሞ ያያቸው ሐኪም የጻፈውን ወረቀትም አነበበ።

«ልብዎ ደህና ነው። ሥራ ላይ ሳሉ እንዲህ ይሰማዎት ነበር?» አለ።

«ሰኔ ሰኔ።»

«ሐምሌ ሲገባስ?»

«ይተወኝ ነበር።»

ዮሴፍ በዝግታ ጠየቃቸው። «አሁን ሰኔው የት አለ?»

ወይዘሮ አሰለፈች መልስ ፈለጉ። ማህተም የለም፤ አለቃ የለም፤ የሚጠብቃቸው ደብዳቤ የለም። ሰኔው የትም አልነበረም።

«የሰኔው ውጥረት ይባላል፤ ምክንያቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ሥራው ሲበዛ ሰውነት ይወጠራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይላላል» አለ ዮሴፍ። «ይኼኛው ግን ጭንቀት ነው። ምክንያቱ ሄዶ እሱ ይቀራል። ወይም ምክንያቱ ገና አልመጣም፤ ላይመጣም ይችላል፤ እሱ ቀድሞ ይመጣል። ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ ሁለቱም ላብ ያመጣሉ፤ ስለዚህ ሰው አንድ ይመስሉታል።»

«መርፌ የለውም?»

«መርፌስ የለውም። ከበረታ ኪኒን አለ። አሁን ግን በየሐሙሱ እየመጡ እንነጋገር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ መዝጊያውን ሁለተኛ ጊዜ አይግፉት። ባረጋገጡለት ቁጥር ነገም ይጠይቅዎታል። ይምጣ፤ እርስዎ የጀመሩትን አይተዉ።»

«ይምጣ ማለት ለአንተ ቀላል ነው ልጄ።»

«ለእኔም ቀላል አይደለም» አለ ዮሴፍ፣ ፈገግ ብሎ።

ቤታቸው ሲመለሱ ምክሩን አላመኑበትም። መድኃኒት ሲጠብቁ ወሬ የተሰጣቸው መስሏቸው ነበር። ሆኖም «ሰኔው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ በእሳቸው አንደበት «ላኪው ማነው?» ሆኖ ከአእምሯቸው አልወጣም፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ማንኛውም ወረቀት መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበርና። ያኔ በበሩ ሥር ተሸጉጠው የሚገኙ፣ ስምም ፊርማም የሌላቸው ደብዳቤዎች ትዝ አሏቸው። እገሌ ሌባ ነው፣ እገሊት ዘመዷን ቀጠረች የሚሉ ነበሩ። በመዝገብ ቤቱ ደንብ ስም የለሽ ደብዳቤ አይፈጸምም፤ አይቀደድምም። መድረሱ ብቻ ይመዘገባል። ስንቱን እንደዚህ አሳልፈዋል! አንዱም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሰው አልበላም።

ከሀፍሳ ሱቅ አንድ ደብተር ወሰዱ። በማስመሪያ ዓምድ አወጡለት፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ላኪ፣ የተወሰደ እርምጃ። በማግስቱ በአራት ሰዓት ያ ነገር ሲመጣ ጻፉ፤ ላኪ በሚለው ሥር «የለም»፣ እርምጃ በሚለው ሥር «ተመዝግቦ ተቀመጠ»። ከዚያም ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ፍርሃቱ ወዲያው አልሄደም። ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ግን እንደሄደ አስተዋሉ፤ መቼ እንደሄደ አላዩም። እስከ ቅዳሜ ድረስ አሥራ አንድ ቁጥር ደረሰ። ስድስተኛው ላይ ተሸንፈው መዝጊያውን ሁለት ጊዜ ገፍተውት ነበር፤ እሱንም ሳይደብቁ አሰፈሩት።

ቅዳሜ ጧት ጥቁር ለብሰው መናኸሪያ ደረሱ። ያው ረዳት አወቃቸው። «እማማ፣ ዛሬስ እስከየት ነው? እስከ በሩ?»

«እስከ ሺሺንዳ። ወሬህን ትተህ ዝጋው» አሉ።

መኪናው የውሽውሽን የሻይ ማሳ ሲያልፍ መጣባቸው። ደረታቸው ተጨመቀ፤ አረንጓዴው ሁሉ ዞረባቸው። መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ መጻፍ አልቻሉም፤ «አሥራ ሁለት» ብለው ብቻ በከንፈራቸው ቆጠሩ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ዳዊት የሚደግሙ መስሏት ራሷን ዝቅ አደረገች። ወርደው ለመመለስ የፈለጉበት ጊዜ ነበር፤ ወራጅ አለ ለማለት አፋቸውን ከፍተውም ነበር። ሆኖም አልወረዱም።

ሺሺንዳ ላይ በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የብርቄ ግቢ ዳስ ተጥሎበታል፤ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል፤ ሰው ጠላውን እያነሣ ይጫወታል። ሐዘኑ ካረጀ ቆይቷል። ወይዘሮ አሰለፈች ግን ገና አላለቀሱም። ለቅሶ የቀረ ሰው፣ የመጣበት ዓመት ምንም ያህል ይራቅ፣ ሟቹ ዛሬ እንደሞተ ሆኖ ከደጃፉ ማልቀስ አለበት፤ ቤተኛውም ሊነሣለት ይገባል። ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አወረዱና ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ወንድሜ ኃይለመስቀል፣ የማሩ ጌታ፣
ሰባት ዓመት ቀረሁ ሳላለቅስ ላንዳፍታ።»

ዳሱ ጸጥ አለ። ጠላ የያዘ ጠላውን አስቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ ሌላውም ተከተለ። ብርቄ ከጓዳ ወጣች። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ሽበት አያውቁትም ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ሥርዓቱ ግድ ስላላት ይሁን ልቧ፣ እሷም አለቀሰች፤ እየቀረበች ግን አልነበረም፤ በቆመችበት። ለቅሶው ሲበርድ አንድ ሴት ወይዘሮ አሰለፈችን ክንዳቸውን ይዛ ከዳሱ ጥግ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጃቸውን አስታጠቧቸው፤ በሳህን ምግብ ቀረበላቸው፤ «ይብሉ፣ ምነው?» ተባሉ።

የእንግዳ አቀራረብ ነበር። እህት እህቷ ባወጣችው ተዝካር ላይ ሳህን አይቀርብላትም፤ ታቀርባለች እንጂ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያን በርጩማ ያህል ብቸኛ የሆነ መቀመጫ አልነበረም። ልባቸው መምታት ጀመረ፤ መዳፋቸው አላበ።

አሥራ ሦስት ሊሉ ሲሉ ቆም አሉ። ላኪው ማነው?

ላኪው አለ። ከእሳቸው አሥር እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ለካህናቱ ጠላ ትቀዳለች። ስሟ ይታወቃል፤ ምክንያቱም ይታወቃል፤ ቀኑም ሰባት ዓመት ያለፈው ጥር ነው። ይህ ያ ከበሩ ጀርባ የሚቆመው ባዶ ነገር አልነበረም። ይህ ሰኔ ነበር። ሰኔን ደግሞ ወይዘሮ አሰለፈች ያውቁታል፤ ተቀምጠው ሲጠብቁት አያልፍም፤ ተነሥተው ሲሠሩት ነው የሚያልፈው።

እስኪመሽ አልጠበቁም። ሰዉ «ነፍሱን ይማር» እያለ መውጣት ሲጀምር ሳህናቸውን ይዘው ከበርጩማው ተነሡ፤ ዳሱን አቋርጠው ወደ ጓሮ ዞሩ። ብርቄ ብቻዋን ከአንድ ትልቅ ሳፋ ፊት ተቀምጣ የተከመረውን ሳህን ታጥባለች። ቀና አላለችም። ወይዘሮ አሰለፈች የሚሉትን አስበው መጥተው ነበር፤ ቃሉ ግን ሁሉም በመንገድ አልቋል።

«ብርቄ፣ መቅረቴ...»

«ዝም በይ» አለች ብርቄ፣ ሳህኑን እያሸች። «ዛሬ አትንገሪኝ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ወይዘሮ አሰለፈች ልባቸው አሁንም ይመታል። አልሄዱም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ከሳፋው ማዶ ቁጢጥ አሉ፤ አንድ ሳህን አንሥተው ውኃው ውስጥ ነከሩት።

ብርቄ ጥቂት ጊዜ የእህቷን እጅ አየች። ከዚያ ሳሙናውን በሳፋው ጠርዝ ላይ ወደ እሳቸው በኩል ገፋ አደረገችው።

«እጅጌሽን ሰብስቢ» አለች፤ «ይነከራል።»